የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክና የሁለት ሚዛን ዳኝነት

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው የጦር ጀግና ነው። ዘንድሮ ተራው ለእኔ ሲደርስ የመረጥሁት ግን ጋሻ አንግበው ያልዘመቱ፥ በሽተኛ በማከምና ችሎት በማስቻል ያረጁ ሰው ናቸው። እርሳቸውም አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይባላሉ። የጎንደር ተወላጅ የሆኑትን ሰው የጋምቤላ ተማሪ ስለ ምን መረጣቸው የሚል ቢኖር፥ መልሱ የሚጀምረው ከዚሁ ከባሮ ወንዝ ዳር ነው።

በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፥ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተሰጠ። በዚህ ውል የተቆረቆረው የንግድ ጣቢያ የዛሬዋ ከተማችን መነሻ ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች ጨውና ጨርቅ እያራገፉ፥ ከደጋው የወረደውን ቡና እየጫኑ ወደ ካርቱም ይመለሱ ነበር። ምድሩ የኢትዮጵያ ምድር ሆኖ ሳለ፥ በአጥሩ ውስጥ የሚያዝዘው ግን የሱዳን መንግሥት የሾመው እንግሊዛዊ ነበር። አያቶቻችን ዓሣ ሊያጠምዱ ሲወርዱ በአንድ ወንዝ ዳር ሁለት ሕግ ያገኙ ነበር፤ ከአጥሩ ወዲህ አንድ፥ ከአጥሩ ወዲያ ሌላ።

የእኛ አጥር ትንሽ ነበር። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በመላው ኢትዮጵያ ላይ ዓይን የማያየው፥ ከዚህም እጅግ የሰፋ አጥር ተሠርቶ ነበር። በዚያ አጥር በር ላይ ከተቀመጡት ኢትዮጵያውያን ዳኞች አንዱ ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። እርሳቸውም ለዚያ ወንበር የደረሱበት መንገድ ከማንም መንገድ የተለየ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ከመነሻው መናገር ይገባል።

ወርቅነህ የተወለደው በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ነው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲገድሉ፥ ሕፃኑ ከወላጆቹ ተለይቶ በዚያ ግርግር መካከል ተገኘ። ከጦሩ መኰንኖች አንዱ የነበረው ኮሎኔል ቻምበርሌን አንሥቶ ወደ ህንድ ወሰደው። ይህ ሰው ጥቂት ዓመት ቆይቶ በሞተ ጊዜ፥ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ተቀበለ። ልጁም ከአንደኛው ቻርልስ የሚለውን፥ ከሁለተኛው ማርቲን የሚለውን ስም ወርሶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። የራሱ ስም፥ የእናቱ ቋንቋና የአገሩ ነገር ሁሉ ከአእምሮው ጠፋ። እንግሊዞቹ ደግ ሰዎች ነበሩ ሊባል ይቻላል፤ ባያነሡት ኖሮ ምናልባት ይሞት ነበር። ነገር ግን ከአንድ አምባ ላይ ዘውድና የብራና መጻሕፍት ሲጫኑ ልጅም አብሮ መጫኑን ማስታወስ ደግ ነው።

በህንድ አገር በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ተምረው ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ። ወደ ኤዲንብራ ተሻግረውም የሐኪምነት ማዕረጋቸውን ከፍ አደረጉ፤ ከዚያም በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት አገለገሉ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በሆነ ጊዜ ወሬው እስከ እስያ ደረሰ። የጥቁር ሕዝብ ጦር የአውሮፓን ጦር ማሸነፉን ሲሰሙ የተወለዱበትን አገር ለማየት ቆረጡ። በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ድንኳን ተከሉና ሕዝቡን ማከም ጀመሩ። ይሁን እንጂ አማርኛ አያውቁም ነበር። ለገዛ ወገናቸው መድኃኒት ሲሰጡ በመካከል አስተርጓሚ ይቆም ነበር።

በዚያው ሰሞን አንዲት አሮጊት ቀርበው የጠፋው የልጅ ልጃቸው ይህ ሐኪም መሆኑን ተናገሩ። ማስረጃቸውም ሕፃኑ በክንዱና በእግሩ ላይ የነበረው ጠባሳ ነበር። ጠባሳው ተፈልጎ ተገኘ። ዶክተር ማርቲንም ወርቅነህ የእሸቴ ልጅ መሆናቸውን ያን ጊዜ ዐወቁ። ሰው በሠላሳ አራት ዓመቱ ገደማ ስሙን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እኔ ልጽፈው አልችልም፤ አንባቢ ራሱ ያስበው።

ወደ በርማ ሥራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደ ገና መጡ። በሕመም ላይ የነበሩትን ዐፄ ምኒልክንም አክመዋል። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በ1911 ዓ.ም. ግድም ለመጨረሻው ጊዜ ጠቅልለው ገቡና ዕውቀታቸውን በሙሉ ለአገራቸው ሰጡ። አማርኛውንም ተምረው በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደረሱ።

አሁን ወደ አጥሩ እንመለስ። ሐኪም ወርቅነህ ሌጋሲዮን በገቡበት ዘመን፥ በጥር ወር 1900 ዓ.ም.፥ የፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኛ ክሎቡኮውስኪ ከዐፄ ምኒልክ ጋር አንድ ውል ተፈራረመ። ውሉ በንግድ ስም የተጻፈ ቢሆንም 7ኛው አንቀጽ የዳኝነት ነገር ነበረበት። ፈረንሳውያን እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ፥ ወንጀልም ቢሆን፥ የሚዳኛቸው የራሳቸው ቆንስል ሆነ። ፈረንሳዊ ከኢትዮጵያዊ ጋር የተካሰሰ እንደ ሆነ ኢትዮጵያዊ ዳኛ ቆንስሉን ከጎኑ አስቀምጦ ይሰማል፤ ተከሳሹ ፈረንሳዊ ከሆነ የሚፈረደው ግን በፈረንሳይ ሕግ ነው። ዳኛውና ቆንስሉ ካልተስማሙ ነገሩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይወጣል። የተያዘ ፈረንሳዊም የሚጠበቀው በቆንስሉ እጅ ነው። ሌሎቹ መንግሥታትም ለአንዱ የተሰጠ ለሁሉም ይገባል በማለት ይህንኑ መብት ለዜጎቻቸው ወሰዱ።

ይህን ነገር በምሳሌ ባየው ይሻለኛል። አንድ ነጋዴ ጭነት የተሸከመለትን ኩሊ ደብድቦ አቈሰለው እንበል። ነጋዴው ባንዲራ ያለው ሰው ከሆነ፥ ኩሊው የማያውቀው ሕግ በማያውቀው ቋንቋ ይነበብበታል፤ ከዳኛው ጎን የተቀመጠውም የነጋዴው አገር ሹም ነው። ነገሩ ተገልብጦ ኩሊው ነጋዴውን መትቶ ቢሆን ኖሮ ግን የአገሩ ሕግ በሙሉ ክብደቱ ይወድቅበት ነበር፤ ያን ጊዜም ቆንስሉ ከወንበሩ አይነሣም። ጥፋቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የሚዛኑ ድንጋይ ሁለት ነበር ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ይህ መብት የነጭ ብቻ አለመሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ገበያ ይነግዱ የነበሩት ህንዶችና ከኤደን የመጡ ዓረቦች የእንግሊዝ ተገዦች ስለ ነበሩ በእንግሊዝ ቆንስል ጥላ ሥር ገቡ። ጠባቂ መንግሥት የሌላቸው ሌሎች የውጭ ሰዎችም የአንዱን ኃያል መንግሥት ወረቀት ለማግኘት ይጣጣሩ ነበር። ህንዳዊው በገዛ አገሩ ከእንግሊዛዊ እኩል አይቆጠርም ነበር፤ በእኛ አገር ግን ከኢትዮጵያዊው በላይ ተቀመጠ። ይህ ነገር ለሐኪም ወርቅነህ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በህንድ አድገው፥ በእንግሊዝ ስም ተጠርተው፥ የእንግሊዝን ደመወዝ በልተው የኖሩ ናቸውና የጥላው ውስጥ ኑሮ ምን እንደሚመስል ከማንም ይበልጥ ያውቁ ነበር። በ1910ዎቹ ዓመታት ይህን ጉዳይ የሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት በአዲስ አበባ ሲቋቋም፥ እርሳቸው በኢትዮጵያ ወገን ዳኛ ሆነው ተሾሙ። ከቆንስሎቹ ጋር በቋንቋቸው ይከራከሩ ነበር፤ የሚጠቅሱትን የሕግ ነገር አንብበው ይመልሱ ነበር። በሥልጣን ወሰንም ብዙ ጊዜ ከቆንስሎች ጋር ተጋጭተዋል። ለአውሮፓውያኑ እንግዳ የሆነባቸው ይህ ይመስለኛል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጥቁር ዳኛ በእነርሱ ትምህርት ቤት ያደገ ነበር።

እንዲህ ያለው ውል በእኛ ላይ ብቻ የወረደ አልነበረም። ጃፓን ተመሳሳይ ሸክም ተጭኖባት ሕጎቿን ጽፋ በ1891 ዓ.ም. አወረደችው። ቱርክ በ1915 ዓ.ም. በሎዛን ውል ጣለችው። ግብፅ ግን ድብልቅ የሚባሉትን ፍርድ ቤቶች እስከ 1942 ዓ.ም. ድረስ ተሸክማ ኖራለች። የክሎቡኮውስኪ ውልም የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስተካከል ድረስ ይጸናል የሚል ነበር። እንግዲህ ምክንያታቸው የእናንተ ሕግና ወኅኒ ቤት ለሰው አይበቃም የሚል ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ምክንያቱ ለራሳቸው ጥቅም የቀረበ ቢሆንም ሐሰት ብቻ አልነበረም። በቀድሞው ዘመን የአገራችን ዳኝነት ብዙ መልካም ነገር ነበረው፤ መንገደኛ ሳይቀር ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንዲፈርድ ይለመን ነበር፥ ባላገሩም ሙግት ዐዋቂ ነበር። ነገር ግን ዳኝነቱ ለባለጠጋና ለድሀ አንድ አልነበረም። ተሟጋቾች በችሎት ፊት እየተወራረዱ አንዱ ማር፥ አንዱ በቅሎ እሰጥ ሲል፥ በቅሎ የሌለው ምን ያስይዛል? ሹሙም ደመወዝ ስለማይቈረጥለት የሚኖረው ከባለጉዳዩ በሚያገኘው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፥ አበዳሪና ተበዳሪ ነገራቸው እስኪያልቅ በአንድ ሰንሰለት በቁራኛ ይታሰሩ ነበር። ወንጀል ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራና ያገሩ ሰው ሁሉ ሥራውን ፈትቶ ይከተት ነበር፤ የማረሻ ጊዜ ያለፈበት ደግሞ ድሀው ነው። ሰው የገደለ ዘመዶቹ ሀብታም ከሆኑ የደም ዋጋ ከፍለው ያስታርቁታል፤ ድሀ ከሆነ ግን በሰንሰለት እንደ ታሰረ ለምኖ ያሰባስብ ነበር። በእስር ቤትም ቀለብ የሚያቀብለው ዘመድ እንጂ መንግሥት አልነበረም። ዘመድ የሌለው እስረኛ እንዴት ይኖር እንደ ነበር መገመት ቀላል ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የዋስ ነገር ነው። ዋስ ያለው ከቤቱ እየተመላለሰ ይሟገታል፤ ዋስ የሌለው ገና ሳይፈረድበት ይታሰራል። ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ መስሎ ለሚታየው አንባቢ፥ ከወርቅነህ ታሪክ ለጥቂት ልውጣና ያየሁትን ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤታችን የሆነ ዓሣ አጥማጅ ከአንድ ነጋዴ ልጅ ጋር በገበያ ተጣላ፤ ሁለቱም ተማቱ፥ ሁለቱም ተያዙ። የነጋዴው ልጅ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋስ ጠርቶ ወጣ። ዓሣ አጥማጁ ግን ደመወዝ ያለው ወይም ቤት ያለው ዋስ ባለማግኘቱ 9 ቀን ሰነበተ። ጣቢያው የትኛው እንደ ሆነ አልጽፍም። ሰውየው አማርኛ ስለማይሰማ ምግብ ላደርስ በሄድሁ ቁጥር ከአኝዋ ቋንቋ ወደ አማርኛ የማስተረጕመው እኔ ነበርሁ፤ ያን ጊዜ 16 ዓመቴ ነበር። የተጠየቀውን ሁሉ በትክክል ማስተርጐሜን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፥ የችሎቱን ቋንቋ የማይሰማ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ፥ ጠበቃ ለማቆም ዐቅም ያጣና ፍትሕ የሚጓደልበትም ጠበቃ እንዲቆምለት እንደሚያዝ የተማርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃውን ሁሉ ያጣው ጎረቤታችን ግን በ10ኛው ቀን ሲፈታ መረቡ ከወንዙ ዳር ተሰርቆ ነበር።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ሐኪም ወርቅነህ የቆንስሎቹን አጥር ብቻ ቢታገሉ ኖሮ ግማሽ ሥራ በሆነ ነበር። በአገር ውስጥ ደግሞ ሌላ አጥር ነበረ፤ እርሱም ባርነት ነው። ይህን ስጽፍ በዝምታ ለማለፍ የማልችለው ነገር አለ። ለባርነት የተፈነገለው ሕዝብ ከየት ነበር ቢባል ብዙው ከደቡብና ከምዕራብ፥ ከእነዚህም መካከል እኛ ከምንኖርበት ከዚህ ቆላ ነበር። የባሪያ ፈንጋይ ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ የተጠቃው ሕዝብ ለማን አቤት ይበል? ሊሰማው የሚገባው ሹም ብዙ ጊዜ የዚያው ንግድ ተካፋይ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈው ስድብ ከጠቆረ ቆዳ ጋር ተጣብቆ እስከ እኛ ትውልድ ደርሷል። ይህን ቃል በመንገድ ያልሰማ የጋምቤላ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ኢትዮጵያ በመስከረም ወር 1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባሪያ ንግድ ነገር ትልቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ባሪያ መሸጥና መግዛት በሞት እንዲያስቀጣ ታወጀ፤ በመጋቢት ወር ደግሞ ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ፥ ጉዳዩን የሚያዩ ዳኞችም ተሾሙ። ዐዋጁ መልካም ነው። ነገር ግን ባሪያው ጌታውን ከስሶ ለመርታት ምስክር፥ ስንቅና ዋስ ያስፈልገዋል፤ ይህ ሁሉ ያለው በጌታው እጅ ነው። ነፃ የወጣውም ሰው መሬትና ሙያ ከሌለው ተመልሶ ወደዚያው ቤት ይገባል። ሐኪም ወርቅነህ ይህን ያስተዋሉ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ዐዋጅን ብቻ አልጠበቁም። የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበር የሚባል ማኅበር መሥርተው፥ ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት አቋቁመው ይመሩ ነበር። ልብ በሉ፤ በሚያዝያ ወር 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ተቈጣጣሪም እርሳቸው ነበሩ። ጧት የመኳንንቱን ልጆች ትምህርት፥ ከሰዓት በኋላ የባሮቹን ልጆች ትምህርት ያስቡ የነበሩት አንድ ሰው ናቸው። በሕፃንነቱ በጦር ሠራዊት ተወስዶ ስሙን ያጣ ሰው፥ ስማቸውን ያጡትን ልጆች ቢሰበስብ ላያስደንቅ ይችላል።

በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለ ታሰበው ግድብ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ወደ ኒውዮርክ ተላኩ። በዚህ ጕዞ በሐርለም ከሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው፥ ሙያ ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋብዘዋል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ሰው በወንጀል ተጠርጥሮ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ በሕዝብ እጅ ተሰቅሎ ይሞት ነበር። ዳኛ ፊት ሲቀርብም ያገኘው ሌላ አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. በአላባማ 9 ጥቁር ወጣቶች በሐሰት ተከሰው ነጮች ብቻ በተቀመጡበት ሸንጎ ሲቀርቡ፥ በ8ቱ ላይ ሞት ተፈረደ፤ የሞቱ ፍርድ በብዙ ክርክር ባይፈጸምም የወጣትነት ዕድሜያቸው በእስር አለቀ። እንግዲህ የሁለት ሚዛኑ ነገር በአዲስ አበባ በባንዲራ፥ በአላባማ በቆዳ፥ በእኛ አገር ደግሞ በሀብትና በዘር ይለካ ነበር ማለት ነው።

በ1922 ዓ.ም. ግድም የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ መናገሻቸውም አሰበ ተፈሪ ነበር። ጨርጨር ለሌሎቹ ግዛቶች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ አገር ነውና፥ ሹማምንቱ በባለጉዳይ ላይ ሳይሆን በደመወዝ እንዲኖሩ፥ ግብሩም የታወቀ እንዲሆን፥ መንገድ እንዲሠራ ደከሙ። በመጽሐፍ ውስጥ ይህ ክፍል በአጭሩ ይታለፋል፤ ለእኔ ግን ከችሎቱ ሥራ አያንስም። የቆንስሎቹን ምክንያት በክርክር ብቻ ማሸነፍ አይቻልም ነበርና፥ በሥራ የተሰጠው መልስ ይህ ነው።

የጣልያን ወረራ ሲቃረብ በ1927 ዓ.ም. በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ሄዱ፤ አገራቸው ስትወድቅም በዚያው ሆነው እየዞሩ አቤቱታዋን ያሰሙ ነበር። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን በኢትዮጵያ ቀሩና ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ዘመቱ። ይህ ማኅበር ወደ ምዕራብ አፈግፍጎ ጎሬ ላይ ከነበሩት ከራስ እምሩ ጋር ተባበረ። ጎሬ ከእኛ ከተማ ሽቅብ ሲታይ ያለው ደጋ ነው፤ ያ ጦር ተስፋ ያደርግ የነበረውም መንገድ በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን የሚወርደው ነበር። ራስ እምሩ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። በየካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲፈጁ ቢንያምና ዮሴፍም ተገደሉ። በዚያ ሰሞን ከሞቱት አብዛኞቹ ዳኛ የሚባል አላዩም። ከሁለት ወር በኋላ የጣልያን መንግሥት ጣልያናዊ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣ። የቆዳ ቀለም በግልጥ በወንጀል ሕግ ውስጥ ተጻፈ። ዳኛ የነበሩት አባት ይህን ሁሉ በስደት አገር ሆነው ሰሙ።

ሐኪም ወርቅነህ ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1934 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ባርነትን ፈጽሞ የሚሽር ዐዋጅ ወጣ። በጥር ወር ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል የውጭ ሰዎችን ጉዳይ የሚያዩት የኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ሆኑ፤ የክሎቡኮውስኪም ውል ዳግመኛ አልተመለሰም። ይሁንና ለጊዜው በእነዚያ ፍርድ ቤቶች ወንበር ላይ እንግሊዛውያን ዳኞች ይቀመጡ ነበር። ሽማግሌው ይህን አይተው ፈገግ ብለው እንደ ሆነ ወይም አዝነው እንደ ሆነ ተጽፎ ያገኘሁት የለም።

በመስከረም ወር 1945 ዓ.ም. ዐረፉ። በእኛ ወንዝ ዳር ያለው አጥር ያን ጊዜ ገና አልፈረሰም ነበር። የኪራዩ ውል የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ስለ ነበር፥ ሱዳን በታኅሣሥ ወር 1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ዘመኑ አከተመ፤ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያም የእንግሊዙ ሹም ወርዶ የጋምቤላ ጣቢያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው የሚለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። ሐኪም ወርቅነህ ካረፉ 4 ዓመት ሆኗቸው ነበር።